የጋሼ እሁድ ዝምታ

ትናንት አፈር ያለበሳችሁት ሰው ዛሬ በሬዲዮ «ነገ ቀኑን ሙሉ አብሬያችሁ እውላለሁ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? እስቲ መልሱ። አሜን ትሉታላችሁ?

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ጓዳው በር አዞረ። ድምፁ የመጣው ከማዕድ ቤት ነው። ብርጭቆ የምታጥበው ጎረቤት እጇ ሥራ ላይ ሲሆን ጆሮዋ ሥራ ፈት እንዳይሆን ብላ መስኮቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ሬዲዮ ከፍታለች። የከፈተችው ለዜና ነበር። ዜናው ሲያልቅ አንዲት ቫዮሊን ቀጭን ዜማ ጀመረች፤ በዜማው ላይ ደግሞ ያ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው፣ ከእንቅልፉ ገና እንደነቃ ሰው ትንሽ የሚሻክር ድምፅ መጣ።

«ውድ አድማጮቼ፣ ነገ እሁድ ነው። ከማለዳ እስከ ምሽት፣ በክላሲካል ሙዚቃና በኪነ ጥበብ ጨዋታ ቀኑን ሙሉ አብሬያችሁ እውላለሁ። እንዳትቀሩብኝ።»

የሟቹ እህት የያዘችው የሻይ ትሪ ከእጇ ወደቀ። «ወንድም ጋሼ» አለች። አልጮኸችም። ከጓዳ የተጠራ ሰው «አቤት» እንደሚል ነው ያለችው።

«ኧረ ዝጊው አንቺ» አለ አንድ ሰው።

«አይዘጋ» አለች የሟቹ ልጅ። «ይጨርስ።»

ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ጥቁር ለብሳ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሌላው ሰው የሰማው የአባቷን ድምፅ ነው፤ እሷ የሰማችው ስፌቱን ነው። «ነገ» ሲል ጉንፋን ይዞታል፤ «እሁድ ነው» ሲል ድኗል። «ቀኑን ሙሉ» ሲል ጎልማሳ ነው፤ «እንዳትቀሩብኝ» ሲል የፊት ጥርሱን አስነቅሏል። ከአንድ አፍ የወጣ በሚመስል ንግግር ውስጥ ብዙ አባት ሰማች፤ አንዳቸውም ያንን ንግግር ተናግረውት አያውቁም።

ሟቹን ሰፈሩ «ጋሼ እሁድ» ይለው ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም አብዛኛው ሰው የሰማው ቀብር ላይ ነው። እሁድ ጠዋት ሬዲዮ የከፈተ እሱን ያገኛል፤ ማታ የሚዘጋም እሱን ተሰናብቶ ይተኛል። በመሃል ሲምፎኒ አለ፣ የፒያኖ ሶናታ አለ፣ ሠዓሊና ቀራጺ አለ። የቴአትር አዘጋጅና ሃያሲ ሊተናነቁ ደርሰው ጋሼ እሁድ «በሉ አሁን ሴሎ እንስማና ደማችሁ ይብረድ» ብሎ የሚገላግልበት ክርክር አለ። ይህ ሙዚቃ የባለጠጋ ነው የሚሉ ነበሩ። ባለጠጋው እሁድ ተኝቶ ይውላል። ጋሼ እሁድን የሚሰሙት ልብስ ተኳሾች፣ ታክሲ ነጂዎች፣ ተረኛ ነርሶችና እንቅልፍ አልወስድ ያላቸው ሽማግሌዎች ነበሩ።

የተሰበረው ተጠረገ፤ ሌላ ሻይ ተቀዳ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ጸጥታ ሲረዝም ሰው ወደ ሹክሹክታ ይሸሻል። ከመምህርቷ ጀርባ ሁለት ሴቶች ጀመሩ።

«መቼም መልካም ሰው ነበር።»

«ምን ጥያቄ አለው። መጨረሻ ላይ ትንሽ ተምታታበት እንጂ።»

«ትንሽ ነው የምትዪው? ለስለስ ያለ ፒያኖ ልጋብዛችሁ ብሎ የጦር ሜዳ ጥሩምባ የለቀቀ ዕለት ባለቤቴ ደንግጦ ከአልጋ ወድቋል።»

«የኔዋ ልጅ ደግሞ ስልኳ ላይ ቀድታ በሄደችበት ሁሉ ሰው ታስቅበት ነበር።»

«እርጅና ነዋ። ማን ይቀርለታል።»

«ቀስ በዪ፣ ልጅቱ እንዳትሰማሽ።»

ልጅቱ ሰምታለች። ጆሮዋን ከማን እንደወረሰች ረስተውት ነው።

ሽማግሌን «ጃጀ» ለማለት ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ሌባን እንኳ እጅ ከፍንጅ ካልያዙት ሌባ ለማለት ያመነታሉ፤ ለሽማግሌ ግን ሽበቱ ራሱ እጅ ከፍንጅ ነው። ከተማው ፈርዶ፣ ስቆ፣ ይቅርታም አድርጎ ጨርሷል። ተከሳሹን የጠየቀ ግን አልነበረም። ቢጠይቁት ኖሮ ጉዳዩ አጭር ነበር፦ ጋሼ እሁድ በእነዚያ እሁዶች ስቱዲዮ ውስጥ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በዝምታ ነው።

መምህርቷ ልጅ ሳለች እሁድ እሁድ አባቷ ስቱዲዮ ትውል ነበር፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤት የሚይዛት አልነበረም። ቦታዋ ከበሩ አጠገብ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ቴክኒሻኑ ይቀመጣል። አባቷ «መቀስ» ይለዋል፤ በዚያ ዘመን ቴፕ በምላጭ እየቆረጠ የሚቀጥለው እሱ ነበርና። ሙዚቃው ሲያልቅ አባቷ ቀኝ እጁን ያነሳል። መዳፉ ወደ ታች፣ ጣቶቹ ዘርዘር ብለው፤ የተኛ ሕፃን ራስ ላይ ሊያሳርፈው ፈልጎ እንዳይቀሰቅሰው የፈራ ይመስላል። እጁ አየር ላይ እስካለ ድረስ ማንም አይናገርም፣ ወረቀት አይገለጥም፣ መቀስ ማይክ አይከፍትም። እጁ ሲወርድ ብቻ ማይኩ ይከፈታል።

«አባዬ፣ ምን ትጠብቃለህ? አልቋል እኮ» አለችው አንድ ጊዜ።

«ለእኛ ነው ያለቀው» አላት። «እዚያ ማዶ የሚያለቅስ ካለ አፍንጫውን ይጥረግ እንጂ። ቸኩለን ብንገባበት ያፍራል።»

አድጋ መምህርት በሆነች ሰሞን ደግሞ ተማሪዎቼ አይመልሱልኝም ብላ አማረረችለት።

«ጠይቀሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ዝም ሲሉ መልሱን እነግራቸዋለሁ።»

«ጥፋቱ ያንቺ ነዋ። ጠይቀሽ ዝም በይ። እጅሽን እንዳታወርጂ። ዝምታው መጀመሪያ የከበደው ሰው ይመልሳል።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መቀስ ለቅሶ መጣ። ዕድሜው ከሟቹ ብዙም አያንስም። ለተቀመጡት ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ከመምህርቷ አጠገብ ቁጭ አለ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣

«ያንን ማስታወቂያ ሰማሽው?» አላት።

«ሰማሁት። ጉንፋኑ የመቼ ነው?»

«የጎርፉ ጊዜ ነው። ጫማው በስብሶ በካልሲ ያስተላለፈ ዕለት።»

ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም።

ከጣቢያው አለቆች ሌላ ነገሩን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከማስታወቂያ ድርጅት የመጣ ነው። ክፉ ሰው አይደለም ይሉታል፤ ክፉ ለመሆን የሚበቃ ያህል እንኳ ቁጭ ብሎ የሰማው ነገር የለም። መጀመሪያ ያስገዛው ዕቃ አንዲት ሳጥን ነበረች። አየር ላይ ድምፅ ሲጠፋ ጥቂት ትጠብቅና በራሷ ማስታወቂያ ትለቃለች። የተሠራችው ዕቃ ሲበላሽ ጣቢያው ጭልጥ ብሎ እንዳይጠፋ ነው። የተበላሸ ዕቃንና የሚያዳምጥን ሰው ግን ለይታ አታውቅም። በመጀመሪያው እሁድ የሴሎው ዜማ አልቆ፣ ጋሼ እሁድ እጁን አንስቶ ሳለ፣ አንዲት ሴት ከየት መጣች ሳትባል አረፋው ስለማያልቅ ሳሙና መዝፈን ጀመረች። መቀስ ራሱን ያዘ። ጋሼ እሁድ ሳቀ። በሁለተኛው እሁድ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ።

«ዝምታ ለሬዲዮ ሞት ነው፣ ጋሼ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እርስዎ ቤት ሰው የጎረሰውን ሳይውጥ ነው ሌላ የሚያጎርሱት?»

«ጸጥ ስንል አድማጭ ጣቢያ ይቀይራል።»

«የሚቀይረው ይቀይር። ያልቀየረው ምን አጠፋ?»

ክርክሩ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ «ትንሽ ይረፉ» ተባለ። ማረፍ የተባለው መባረር ነው። ፕሮግራሙ ግን ስፖንሰር የመጣለት በጋሼ እሁድ ስም ስለነበረ በእሱ ድምፅ መቀጠል ነበረበት፤ ድምፁ ደግሞ በየመደርደሪያው ሞልቷል። መቀስን ቆርጠህ ቀጥል ቢሉት «እኔ ቴፕ ነው የምቀጥለው፣ ሰው አልቀጥልም» አለ። ሥራው ለኮምፒውተር ተሰጠ። ኮምፒውተሩ «ፒያኖ» የሚል ቃል ፈልጎ ያገኛል፤ የሚከተለው ፒያኖ ይሁን ጥሩምባ አያስጨንቀውም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ሰምቷል፤ ስቋልም።

ሽማግሌው ለምን አልተናገረም? ሥራ አስኪያጁ ይህንንም አስቦበታል። «ከተናገሩ እሁድን ለእግር ኳስ እንሰጠዋለን» ብሎታል። ያን ቀን ጋሼ እሁድ ቤት ገብቶ ልጁን አጠገቡ አስቀመጠ።

«ቃል ግቢልኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«አባዬ፣ በስምህ እኮ ነው የሚያሾፉት።»

«ያሹፉ። ሙዚቃው ይተላለፋል አይደል? ስሜ ይሰበር፣ እሁድ አትሰበር።»

«የተሰበረ ስም በምን ይጠገናል?»

«አይጠገንም። እኔን ስትቀብሪ አብረሽ ትቀብሪዋለሽ።»

ቃል ገባች። ትናንት ቀበረችው።

«ነገ መታሰቢያ ነው» አለ መቀስ። «ቀኑን ሙሉ የእሱ ሙዚቃ፣ ሃያሲም ይጋበዛል፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይገባል። ስልክም ይከፈታል። ስልኩንም ድምፁንም የምቆጣጠረው እኔ ነኝ።»

«ያቺ ሳጥን አለች?»

«እንዴት አትኖር። ትንፋሽሽን ሳትሰበስቢ ሳሙናዋን ትለቅብሻለች።»

«እንግዲህ ይሁን፣ ጋሼ መቀስ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«እኔም ሰጥቻለሁ» አለ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዙሮ አዙሮ፣ «አንድ ነገር ግን ሳልጠይቀው ሞተብኝ። እሁድ እሁድ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል ይሉኝ ነበር። የት ነበር የሚውለው?»

አልነገረችውም። ብትነግረው እዚያው ሰው ፊት የሚያለቅስ መሰላት።

ጋሼ እሁድ ከተባረረ በኋላም እሁድ ማለዳ ፊቱን ተላጭቶ፣ የቆዳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣ ነበር። ጎረቤቱ «መልካም ሥራ» ይለዋል፤ እሱ «መልካም ማዳመጥ» ብሎ ያልፋል። አንድ እሁድ መምህርቷ የፈተና ወረቀት ልታርም ከከተማው ወዲያኛው ዳር ወዳለ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ በአንድ ጸጉር ቤት መስታወት ውስጥ ቦርሳውን አየች። ከቦርሳው አጠገብ አባቷ ተቀምጧል። አባቷ ራሱ ላይ አንድ ዘለላ ጸጉር የለውም።

ገብታ ጎኑ ተቀመጠች። እንደማይተዋወቁ ሁለቱም ወደ መስታወቱ አዩ።

«እኚህን አባት ያወቅሻቸው እንደሆን ምከሪያቸው» አላት ጸጉር ቆራጩ። «እሁድ በመጣ ቁጥር ይመጣሉ። ምኑን ልቁረጥልዎ ስላቸው ተራዬን ልጠብቅ ይሉኛል። ተራቸው ሲደርስ ለሌላ ሰው ይለቃሉ።»

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ፤ አባቷም ሳቀ። መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮ በዚያው በአባቷ ድምፅ «አሁን ደግሞ ሕፃን የሚያስተኛ ዜማ» አለ። ተከትሎ ከበሮና ጥሩምባ ቤቱን አናጋው። ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ አረፋ እንደተቀባ ከት ብሎ ሳቀ።

«ይሄ ሽማግሌስ ለየለት» አለ ቆራጩ። «ወልዶ እንደሁ ልጆቹ እንኳ ምነው ቤት ባስቀመጡት። አይደለም እንዴ፣ አባት?»

«እርጅና ነው» አለ አባቷ።

ይህን ያለው በአፍንጫው፣ ድምፁን አቅጥኖ ነው። ራሱን ለመስደብ የሌላ ሰው ድምፅ ተበደረ፤ በራሱ ድምፅ ቢናገር ያውቁታልና።

ጥሩምባው ሲያልቅ እጁ ከጉልበቱ ላይ ትንሽ ተነሳ። መዳፉ ወደ ታች፣ ጣቶቹ ዘርዘር ብለው። ወዲያው የሳሙናዋ ሴት ዘፈነች፤ እጁም ወደ ጉልበቱ ተመለሰ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እንግዳው ሳሳ። እህቱ የሟቹን ሸሚዞች አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። ከወንድሟ ሁለት ዓመት ታንሳለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ «ወንድም ጋሼ» ስትለው ኖራለች።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ቀና ሳትል። «ባለፈው ሰሞን የልጅነት ጎረቤቶቻችንን ከነቅጽል ስማቸው እያነሳ ሲያስቀኝ ዋለ። አንድ አላጠፋም። ታዲያ ሬዲዮ ላይ ሲወጣ ምን ይነካው ነበር?»

መምህርቷ አንድ ሸሚዝ አነሳች። «እንጃ፣ እትዬ።»

«እኔ አፍሬበት ነበር። ሰው ሲስቅበት መስማት አልቻልኩም። እሁድ ሲሆን ሬዲዮዬን እዘጋለሁ። ወንድሜ አገር ሲያናግር እህቱ ዘግታበት። ሲሞትም እንዳፈርኩበት ነው።»

መምህርቷ ሸሚዙን አጠፈችው፤ ፈታችው፤ መልሳ አጠፈችው። አንዲት ቃል ብትናገር የአክስቷ እፍረት ይወልቅ ነበር። ግን ነገ እሁድ ነው፤ ከዚያም በኋላ ሌላ እሁድ አለ፤ አባቷ ስሙን ለእነዚያ እሁዶች መያዣ ሰጥቷል።

«ነገ አትዝጊው፣ እትዬ» አለች ብቻ።

አልዘጋችውም። እሁድ ማለዳ ሬዲዮውን ከማዕድ ቤት አምጥታ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው አክስትየው ናት። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የፊት ለፊቱ ቤት መስኮት እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። በየመስኮቱ ሬዲዮ ተከፍቷል። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ድምፅ «እንደምን አደራችሁ» ሲባል እንግዶቹ አለቀሱ። መምህርቷ አላለቀሰችም። አሁንም ስፌቱን እየሰማች ነው።

ሙዚቃው ግን ሙዚቃ ነበር። ማንም ሊቀጥለው ስላልቻለ እንዳለ ቀርቷል። ከሰዓት በኋላ ሃያሲው ገባ። ስለ ሥዕል ጀምሮ ስለ ቅኝት ቀጠለና «ትልቅ ጥበብ የሚለካው በዝምታው ነው» አለ። ቃሉ እንዲሰርጽ ትንሽ ዝም ሲል የሳሙናዋ ሴት ገባች። ሃያሲው ሳል መጣበት። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ወደ መሬት አቀርቅሮ ሳቀ፤ በሕይወት ቢኖር ጋሼ እሁድም ይስቅ ነበር።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ማይኩን ያዘ።

«ጋሼ እሁድ ለሁላችንም አባት ነበሩ» አለ። «እውነቱን ለመናገር በመጨረሻ ዕድሜያቸው ተጭኗቸው ነበር። ስህተቶቹን እናንተም ሰምታችኋል። ማይኩን ውሰዱባቸው ያሉን ብዙ ነበሩ። እኛ ግን አልጨከንንም። እስከ መጨረሻው እሁድ ድረስ እዚሁ ወንበር ላይ ነበሩ።»

«እግዜር ይስጣቸው» አለች ከኋላ አንዷ ሴት። «ችለውታል እኮ።»

አክስትየው አንገቷን ደፋች።

«እሁድ ያለ እሳቸው እሁድ አይሆንም» ሲል ሥራ አስኪያጁ ቀጠለ። «ስለዚህ ለክብራቸው ስንል ፕሮግራሙ ዛሬ ይዘጋል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በዚሁ ሰዓት እግር ኳስ በቀጥታ እናስተላልፋለን። አሁን የስልክ መስመሩ ክፍት ነው፤ ትዝታችሁን አካፍሉን።»

መምህርቷ ሻይዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አባቷ ስሙን መያዣ ሰጥቶ ያቆያት እሁድ በ«ክብር» ተሸጠች፤ መያዣውን ደግሞ አልመለሱም። እሁድ ከሌለች ቃሉ ለማን ይጠበቃል? ስልኳን አነሳች።

«የት ነው የምትደውዪው?» አለች አክስቷ።

«ሬዲዮ ጣቢያ።»

«ለቅሶ ላይ ተቀምጠሽ?»

«ለቅሶ ላይ ተቀምጬ፣ እትዬ። አባዬ አልጃጀም።»

አክስትየው አየቻት። ምንም አልጠየቀችም። እጇን ዘርግታ የሬዲዮውን ድምፅ እስከ ታች ዝቅ አደረገች፤ ስልክና ሬዲዮ ጎን ለጎን ከሆኑ እንደሚያፏጩ የሬዲዮ ሰው እህት ታውቃለች።

ስልኩ ተነሳ። «ጣቢያው ነው፣ ማን ልበል?» አለ መቀስ።

«አድማጭ ነኝ። ጥያቄ አለኝ።»

ሽማግሌው ድምፅዋን አወቀ። «ሬዲዮሽን ዝቅ አድርገሻል?»

«ተደርጓል። ያቺ ሳጥን አለች?»

«አለች» አለ። ከዚያ አንድ ነገር ቀጭ ሲል በስልኩ ውስጥ ሰማች። «አሁን የለችም። ግቢ፣ ልጄ። አየር ላይ ነሽ።»

«ጤና ይስጥልኝ» አለች። ድምፅዋ በፊት ለፊቱ መስኮት፣ ከዚያም በቀጣዩ፣ ከዚያም እስከ መንገዱ ጫፍ ሲሄድ ሰማችው። «የጋሼ እሁድ ልጅ ነኝ።»

«እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ» አለ ሥራ አስኪያጁ ቶሎ ብሎ። «በዚህ ኀዘን መሃል በመደወልሽ ጣቢያችን—»

«ትዝታ ለማካፈል አልደወልኩም። ጥያቄ ነው ያለኝ። አባቴ እስከ መጨረሻው እሁድ ወንበሩ ላይ ነበር ብለዋል። ከወንበሩ ያስነሱት እርስዎ ነዎት፤ ዝም ይላል ብለው። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ አባቴ ከከተማው ዳር አንድ ጸጉር ቤት ተቀምጦ ነው የዋለው። መላጣ ነበር። የሚሄደው እናንተ በድምፁ ስትሳሳቱ ለመስማት ነው። ሰው ሲስቅበት እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ከተናገረ እሁድን ለኳስ እንሰጣታለን ብለውታልና።»

ከጀርባዋ ያሉት ሴቶች የያዙት ብርጭቆ አፋቸው ሳይደርስ ቆመ።

«ይሄ... እህቴ፣ ኀዘን ላይ ነሽ፣ ይገባኛል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እንዲህ ያለው ነገር አየር ላይ የሚነሳ አይደለም። ነገ ቢሮ ብቅ በይና—»

«ጃጀ የተባለው አየር ላይ ነው። መልሱም አየር ላይ ይሁን። አንድ ጥያቄ ነው፣ ተማሪ የሚመልሰው። ፒያኖ ብሎ ጥሩምባ ያሰማው ማን ነው? አባቴ ነው ወይስ የቀጣጠላችሁት ድምፅ?»

ዝም አለች።

ሥራ አስኪያጁም ዝም አለ። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ሰውየው የሳሙናዋን ሴት እየጠበቀ መሆኑ ገባት። ሴትየዋ አልመጣችም። ፊት ለፊት ያለው መስኮት ዝም አለ። ቀጣዩም ዝም አለ። መንገዱ ላይ የሚሄድ አንድ ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ ቆመ። በየቤቱ የተከፈተው ሬዲዮ ሁሉ፣ ጋሼ እሁድ ስንት ዘመን ሲለምነው የኖረውን ያንን ዝምታ፣ ሳይቆርጥ አስተላለፈ።

አክስትየው ድምፁ የጠፋውን ሬዲዮ ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ደረቷ ላይ አቀፈችው።

መምህርቷ ስልኩን በግራ እጇ ይዛ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሳች። መዳፏ ወደ ታች፣ ጣቶቿ ዘርዘር ብለው። እንግዶቹ እጇን አዩ፤ የሚያስል ሳሉን ዋጠ። አሁን እንባዋ መጣ። አልጠረገችውም፤ ሁለቱም እጇ ሥራ ይዟል።

«ያልተመለሰ ጥያቄ ነው፤ እጄን አላወረድኩም» አለች በስልኩ። «አድማጭ ሁሉ እየሰማ ነው። ይመልሱ።»